በቢሁ ማግስት

ሆሣዕና የጠዋቱን ሺፍት ጨርሳ ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። የምትሠራው ቶሮንቶ ውስጥ፣ ኤግሊንተን ዌስት አካባቢ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የሰው እናትና አባት ስታነሳ፣ ስታጥብ፣ ስታለብስ ውላ ስትመለስ ትከሻዋ የራሷ አይመስላትም። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ከዚያ በላይ ትሆናለች።

እናቷ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከቸርች እህቶቻቸው ጋር በስልክ ይጸልዩ ነበር። «አሜን» ብለው ዘጉና በመነጽራቸው አናት በኩል አሻግረው አዩዋት።

«ስኳርሽን ለካሽው፣ እማዬ?»

«ለካሁት። ደህና ነው።»

«መድኃኒትሽንስ?»

«ወስጃለሁ።» ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ዛሬም ትወጫለሽ?»

«እወጣለሁ።»

«ወደዚያው ነው?»

«ወደዚያው ነው።»

በዚህ ቤት ውስጥ «ወደዚያው» የሚለው ቃል የአንድ ሰው ስም ነበር። ሰውየው ዲጋንታ ይባላል። የመጣው አሳም ከምትባለው የሕንድ ሰሜን ምሥራቅ ግዛት ነው፤ ወንዝ፣ ሩዝና የሻይ ቅጠል የሞላባት አገር። ሆሣዕና ከስድስት ዓመት በፊት ስለ እሱ ለእናቷ ስትነግራቸው፣ «ጣዖት የሚመለክበት ቤት ልጄን አልሰጥም» ብለው አንድ ጊዜ ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተውት አያውቁም። ስሙንም ጠርተውት አያውቁም።

ሆሣዕና ገላዋን ታጠበች፤ አረንጓዴ ቀሚሷን ለበሰች፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያዘችው። ስትወጣ ወይዘሮ የሻሽወርቅ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ሚያዝያ ገብቶም እርጥብ በረዶ ይጥላል። ከታች፣ በቶርንክሊፍ ፓርክ ፎቆች መካከል፣ የሰፈሩ ሰው አንገቱን ቀብሮ ወደ ባስ ማቆሚያው ይሮጣል።

«ጃንጥላ ያዢ» አሉ ሳይዞሩ።

ሆሣዕና ምነው በጮኸችብኝ ብላ ተመኘች። ቢጮሁባት መልስ ነበራት፤ አሳንሰሩ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ቤት፣ በምድር ሥር በሚሄደው ባቡር፣ ሰብዌይ ውስጥ፣ ስንት ጊዜ አሰናድታው ነበር። «ጃንጥላ ያዢ» የሚለው ግን ካሰናዳችው ሁሉ ውስጥ አልነበረም። ጃንጥላውን ይዛ፣ ውስጧ ዝሎ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

❖

እስከ ፔፕ በባስ፣ ከዚያ እስከ ኪፕሊንግ በሰብዌይ፣ ከኪፕሊንግ ደግሞ ሌላ ባስ። አዳራሹ ኢቶቢኮ ውስጥ፣ ግራና ቀኙ መጋዘን በሆነ መንገድ ላይ ነው። ውጭውን ላየው ዕቃ የሚራገፍበት ቤት ይመስላል። በሩ ሲከፈት ግን የተጠበሰ ሰሊጥ ሽታና የከበሮ ድምፅ ፊት ለፊት ይቀበላል።

ቢሁ የአሳሞች የዘመን መለወጫ ነው። ምድሩ ከመዘራቱ በፊት፣ ዛፉ ሲያብብ፣ ወጣቶች እየዘፈኑ የሚፈላለጉበት በዓል ነው። ትክክለኛው ቀን የዋለው በሳምንቱ መካከል ነበር። በሳምንቱ መካከል ግን ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ የቶሮንቶ አሳሞች አዲስ ዓመት አዳራሽ በተገኘበት ቅዳሜ ይገባል። ወርቃማ ሐር የለበሱት ሴቶች ግማሾቹ ከሆስፒታል ሺፍት የመጡ ናቸው። የጎሽ ቀንዱን የሚነፋው ሰውዬ ጠዋት ከሞንትሪያል የጭነት መኪና ነድቶ ገብቷል፤ ትንፋሹ ሲያጥረው ይስቃል። ሩዙን ፈጭተው፣ ሰሊጥና ጥቁር ስኳር ጠቅልለው ቂጣውን የጋገሩት እናቶች ግድግዳውን ተደግፈው እግራቸውን ያሻሉ። ልጆቹ ሲጠሩ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ።

ሆሣዕና ከዲጋንታ ጋር የተገናኘችው ኤግሊንተን ዌስት ለባቡር ሲቆፈር በነበረበት ዘመን ነው። ባሱ ቆሞ አልንቀሳቀስ ሲል፣ «እነዚህን ቆፋሪዎች እግዜር ይይላቸው!» አለች፣ ማንም አይሰማኝም ብላ በእንግሊዝኛ። አጠገቧ የተቀመጠው፣ ጭቃ የነካው ጫማ ያደረገ ሰው ኮፍያውን አወለቀና፣ «ይቅርታ፤ አንዱ እኔ ነኝ» አላት። ቀያሽ መሐንዲስ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሱ እንዳይንቀሳቀስ መመኘት ጀመረች።

በአንደኛው ዓመት ነው ስለ ቢሁ የነገራት። «በድሮ ጊዜ ቤተሰብ እምቢ ካለ፣ ልጁና ልጅቷ በቢሁ ጨዋታ መሃል ተያይዘው ይጠፉ ነበር» አላት።

«እኛስ መቼ ነው የምንጠፋው?»

«ሺፍትሽ ሲያልቅ።»

ያን ጊዜ ሆዷን ይዛ ነበር የሳቀችው።

አዳራሹ መግቢያ ላይ የዲጋንታ እህት ጆናሊ ተቀበለቻት። ጆናሊ የሦስት ልጆች እናት፣ የጥርስ ሐኪም ናት። እጇን ይዛ ወደ ሴቶች መታጠቢያ ቤት ወሰደቻትና ከራሷ ላይ ወርቃማውን ነጠላ አውጥታ አረንጓዴው ቀሚስ ላይ አዞረችላት። ትከሻዋ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው።

«አንቺ ጠንካራ ሴት ነሽ፣ ሆሣዕና» አለች። «እኔ ብሆን ዛሬ አልመጣም ነበር።»

«ሥራ ውዬ መምጣት ለምጄዋለሁ።»

ጆናሊ ቀና ብላ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት አንዷ ልጇ፣ «ማሚ፣ ጫማዬ ጠፋ!» እያለች ገባች፤ ጆናሊም ፊቷን አዙራ ወጣች።

ጭፈራው ተጀመረ። ዲጋንታ ከበሮውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በአንድ እጁ በዱላ፣ በሌላው በመዳፉ እየመታ ወደ መሃል ወጣ። አርባን ያለፈ ሰው ነው፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት አለ፤ ከበሮውን ሲይዝ ግን ወገቡ ይፈታል። በየዓመቱ ይህን ሲያደርግ መጀመሪያ በዓይኑ ይፈልጋታል፤ ሲያገኛት በአንድ ቅንድቡ ሰላም ይላታል፤ ከዚያ ለሕዝቡ ይመታል። ዛሬም ፈለጋት። አገኛት። ከዚያ ዓይኑን ወደ ከበሮው ቆዳ አወረደው፤ ዳግም ቀና አላለም።

ደክሞት ነው አለች ለራሷ። እኔም ደክሞኛል።

ከበሮው ሲያበቃ የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ባሩዋ፣ ቀጭን ሽማግሌ፣ ድምፅ ማጉያውን ያዙ። በአሳምኛ ነበር የተናገሩት። ሆሣዕና ቋንቋውን በቁርጥራጭ ታውቀዋለች። «ዲጋንታ» ሲሉ ሰማች። «ማ» ሲሉ ሰማች፤ እናት ማለት ነው። ከዚያ «ጎሮሎይ» አሉ። ይህን ቃል በደንብ ታውቀዋለች። ዲጋንታ ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ በስልክ የሚልክላት ቃል ነው፤ «ወደ ቤት» ማለት ነው። እናቶቹ አንድ ባንድ ዓይናቸውን መጥረግ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። አቶ ባሩዋ በቀይ ጥለት የተዋበ ነጭ የእጅ ሥራ ጨርቅ ዲጋንታ አንገት ላይ አደረጉና፣ ልጆቹም እንዲሰሙ በእንግሊዝኛ ደገሙት። «ይህ የዲጋንታችን የመጨረሻ ቢሁ ነው፤ ቶሮንቶ ውስጥ ማለቴ ነው። ወደ እናቱ፣ ለሁልጊዜው፣ ወደ ከተማው ወደ ጆርሃት ይመለሳል።»

ሆሣዕናም አጨበጨበች። እጇ ከሌሎቹ እጆች ጋር ያጨበጭባል፤ ድምፁን ግን አትሰማውም። ትከሻዋ ላይ ያለው የሰው ሐር እንደ ውሃ ባልዲ ከበዳት።

❖

ዲጋንታ ሲከተላት ከበሮውን እንኳ ከአንገቱ አላወጣውም ነበር። ከአዳራሹ ኋላ፣ የጭነት መኪና የሚጠጋበት ጥላ ሥር፣ ጃንጥላዋን ልትከፍት ስትታገል አገኛት።

«ሆሲ።»

«መቼ ነው?»

«የሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ላይ።»

«ትኬት ቆርጠሃል።»

«ቆርጫለሁ።»

ጃንጥላው አልከፈት አለ። ተወችው።

«እህትህ 'ጠንካራ ነሽ' ስትለኝ ሥራ ውዬ ስለመጣሁ መሰለኝ» አለች። «አየህ ምን ያህል ሞኝ እንዳደረግኸኝ? አዳራሽ ሙሉ ሰው ያውቃል። እኔ አጨበጭባለሁ።»

«አዳራሹ አያውቅም ነበር። ጆናሊና አቶ ባሩዋ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ለጆናሊ ነግሬሻለሁ ብያት ነበር፤ ዋሽቻታለሁ። አቶ ባሩዋን ደግሞ በድምፅ ማጉያ እንዳይናገሩ ለምኛቸው ነበር። ደስ ብሏቸው ረሱት።» እርጥቡን ፀጉሩን ከግንባሩ ላይ ገፋው። «ዛሬ ወደ ቤት ስሸኝሽ ልነግርሽ ነበር። ማ መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። ጎረቤት ነው ምግብ የሚያበስልላት። ጆናሊ ከሦስት ልጆች ጋር መሄድ አትችልም። ልነግርሽ ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ስደውልልሽ ደክሞሻል። ስትደውይልኝ እኔ ደክሞኛል። በደከመ ሰው ላይ ይህን እንዴት እጭናለሁ?»

ሆሣዕና እንባዋ መጣ፤ በረዶው ቀድሞ ፊቷን ስላረጠበው ግን የቱ እንባ፣ የቱ በረዶ እንደሆነ አይለይም።

«የተናደድኩት ስለምትሄድ ነው የሚመስልህ? እኔ የሰው እናት እያነሳሁ ነው እንጀራዬን የምበላው። የወለደችውን ሊያነሳ የሚሄድ ሰው ላይ በምን አፌ እቆጣለሁ? ግን አልጠየቅኸኝም፣ ዲጋንታ። አንድ ጊዜ እንኳ 'አብረሽኝ ትሄጃለሽ?' አላልከኝም።»

«መልስሽን ስለማውቀው ነው።»

«መልሴ የኔ ነው! እምቢም ብል እኔ ልበለው። አንተ በልብህ ጠይቀህ፣ በልብህ መልሰህልኝ፣ ጨርሰህ ትኬት ቆረጥህ። እኔ የት ነበርኩ?»

ከበሮውን አወለቀና መሬት ላይ አስቀመጠው። ከአዳራሹ ውስጥ ዘፈን ይሰማል፤ ወጣቶቹ መጨፈር ቀጥለዋል።

«እሺ» አለ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ሆሣዕና ግንባሩ ላይ ያለችውን ሽብሽብ፣ ጢሙ ላይ የቀረችውን የሰሊጥ ፍሬ ሳይቀር አየች።

«አልችልም» አለች። «እማዬን ጥዬ አልችልም።»

ራሱን ነቀነቀ። ምንም አልተከራከራትም። እሷን የጎዳትም ይህ አለመከራከሩ ነው። ወርቃማውን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ፈትታ አጠፈችውና እጁ ላይ አኖረችው።

«ለጆናሊ ስጥልኝ።»

«ነገ ቤታችሁ እመጣለሁ» አለ።

«ምን ልታደርግ?»

«ቢሁ ነው። ትልልቅ ሰዎችን ሳይሰናበቱ መሄድ ነውር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እናትሽ በር ላይ ቆሜ አላውቅም።»

«አይከፍቱልህም።»

«እንዳንኳኳሁ ግን ያውቃሉ።»

ባሱ መጣ። ወንበር ሞልቶ ነበር፤ ቆማ ሄደች። ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፤ ማንም ፊቷን አላየውም። ለዚህም አመሰገነች።

❖

በማግስቱ እሑድ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከቸርች መጥተው ገና ካፖርታቸውን ሲያወልቁ በሩ ተንኳኳ። ሆሣዕና ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ለእናቷ ምንም አልነገረቻቸውም። ቢላዋው እጇ ላይ ቀረ።

በሩን የከፈቱት እናቷ ናቸው።

ዲጋንታ ጠቆር ያለ ኮት ለብሶ፣ ከትናንቱ ሌላ የሆነ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። መንገድ ላይ ሲያጠናው የመጣውን አማርኛ ቃል በቃል፣ እንደ ተማሪ ተናገረው። «ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ። ልሰናበትዎ ነው የመጣሁ።»

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ኮሪደሩ ላይ የጎረቤት በር ተከፍቶ ተዘጋ።

«ግባ» አሉ በመጨረሻ። «ብርድ ይገባል።»

ገባና ሶፋው ላይ እስኪቀመጡ ጠበቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ እግራቸው ሲዘረጋ ደነገጡ።

«ተው! ተው እንጂ! ለሰው አይሰገድም!»

«ስግደት አይደለም፣ እማዬ» አለች ሆሣዕና ከወጥ ቤቱ በር ላይ። «ጉልበት መሳም ነው። እነሱም ጋ አለ።»

የወይዘሮ የሻሽወርቅ እጅ አየር ላይ ቆመ። ቶሮንቶ ከመጡ ወዲህ ጉልበታቸውን የሳመ ወጣት አልነበረም። የቸርች ልጆች «ሃይ፣ እማማ» ብለው ነው የሚያልፉት። እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደና የሰውየው ራስ ላይ አረፈ።

«እግዚአብሔር ይባርክህ» አሉ፤ ከልማድ ይሁን ከልብ ራሳቸውም የለዩት አይመስሉም።

ጨርቁን ሰጣቸው። በቢሁ ለሚከበር ሰው የሚሰጥ ስጦታ እንደሆነ ሆሣዕና አስረዳቻቸው። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ጥለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«የእጅ ሥራ ነው። ማን ሸመነው?»

ሆሣዕና ወደ እንግሊዝኛ መለሰችለት፤ መልሱንም ወደ አማርኛ። «እናቱ ናቸው የሸመኑት። በእነሱ አገር ሴቶች ናቸው የሚሸምኑት።»

«ሴት?» ተገርመው ደግመው ዳበሱት። «እጃቸው ጥሩ ነው። አሁንም ይሸምናሉ?»

ሆሣዕና ስትጠይቀው አንገቱን ደፋ። እናቱ መውደቃቸውን፣ አልጋ ላይ መሆናቸውን፣ መጻሕፍትና ጎረቤት ብቻ እንደቀራቸው፣ እሱም ሊሄድ መሆኑን ነገራቸው። ሆሣዕና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አስተላለፈች፤ የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ይመስል ድምፅዋን አደረቀችው።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሂድ» አሉት። «ደግ አድርገሃል። እናቱን ጥሎ የሚቀር ልጅ ለልጄ ባል አይሆነኝም።»

ሆሣዕና «ሂድ፣ ደግ አድርገሃል ይላሉ» ብላ ቆመች።

«ጨርሺው እንጂ» አሉ እናቷ።

ፊቷ እየጋለ ጨረሰችው። ዲጋንታ ቀና አለ።

«ልጄን ትወዳታለህ?»

ይህንንም መተርጎም ነበረባት። ዓይኑን ሳታይ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ እያየች ጠየቀችው። መልሱ በአማርኛ ነበር፤ እሷው ያስተማረችው አማርኛ።

«በጣም እወዳታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትተሃት ትሄዳለህ?»

ዲጋንታ ዝግ ብሎ በእንግሊዝኛ መለሰ። ሆሣዕና በሹክሹክታ አስተላለፈችው። «እናቷን ጥላ አትመጣም፤ እንድትጥልም አልፈልግም ይላል።»

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሆሣዕና ይህን ፊት ከአባቷ ከአቶ ሽፈራው ቀብር ወዲህ አይታው አታውቅም።

«በእኔ ነው ያሳበብሽው?»

«እማዬ…»

«ቆይ። እምቢ ብያለሁ፤ አዎ። ዛሬም በእምነቱ ነገር ልቤ አልተመለሰም፤ እጸልያለሁ፤ መጸለዬንም አልተውም። ግን አንድ ቀን 'አትሂጂ' ብዬሽ አውቃለሁ? ስትወጪ የምጠይቅሽ ልከለክልሽ መስሎሽ ነው? እንድትነግሪኝ ነበር እኮ! 'እማዬ፣ ይሄን ሰው እወደዋለሁ፣ ምን ይሻለኛል?' እንድትይኝ። ቁጭ ብዬ የምጠብቀው ያንን ነበር። አንቺ ግን ስኳሬን ጠይቀሽኝ ትወጫለሽ። የኔ በሽታ ያንቺ ባል አይደለም፣ ልጄ። ወንድምሽ ኤርሚ እዚሁ ብራምተን ነው ያለው፤ ጨረቃ ላይ አይደለም። እኔን ሰበብ አታድርጊኝ።»

ዲጋንታ አንዴ እናቲቱን፣ አንዴ ልጂቱን አየ።

«ምን አሉ?» አላት።

መዋሸት ትችል ነበር። «መልካም መንገድ ይላሉ» ብትለው ያምናት ነበር፤ ኮቱን ለብሶ ይወጣ ነበር፤ እሷም ሽንኩርቷን ትከትፍ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«'እኔን ሰበብ አድርገሻል' አሉኝ።»

«አድርገሻል?»

ሆሣዕና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«አድርጌአለሁ» አለች። «ፈርቼ ነው። ደክሞኝ ነው፣ ዲጋንታ። ሌላ አገር፣ ሌላ ቋንቋ፣ ስሜን እንደገና ፊደል በፊደል ለሰው መንገር… እዚህ ስመጣ ያንን ሁሉ አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ሁለተኛ ጉልበት ያለኝ አይመስለኝም። 'እማዬን ጥዬ አልችልም' ስል ደግ ልጅ እመስላለሁ። 'ፈርቻለሁ' ስል ምን እንደምመስል አላውቅም።»

ዲጋንታ ከተቀመጠበት ተነሥቶ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፤ ያዘው።

«እኔም ላንቺ ብቻ አዝኜ አይደለም ያልጠየቅሁሽ» አለ። «እሺ ብትዪኝስ ብዬ ፈርቼ ነው። እዚያ ዝናቡ ሲጀምር ወራት አያባራም። ሥራ አላገኘሁም። ማ ቁጡ ናት። መጥተሽ ብታዝኚ፣ ያን ፊትሽን ማየት አልችልም ብዬ ነው። ስለዚህ ደግ ሰው መሰልኩ። ሁለታችንም ደግ እየመሰልን ልንለያይ ነበር።»

ሆሣዕና ሳቀች። ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነ፤ እሱም ግንባሩን ጉልበቷ ላይ አደረገ። ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገም። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው በነጩ ጨርቅ ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ስጦታ መሆኑ ትዝ ሲላቸው በፍጥነት አጠፉት።

«ሁለታችሁም ደክማችኋል» አሉ ተነሥተው። «የደከመ ሰው ነገር አይቆርጥም። መጀመሪያ ትበላላችሁ።»

ወጥ ቤት ገብተው ልጃቸው የጀመረችውን ሽንኩርት ቀጠሉ። ሆሣዕና አፍንጫዋን ጠራረገች።

«የዓመት ፈቃዴን ደርቤ እወስዳለሁ» አለችው። «እማዬ ኤርሚ ጋ ትሆናለች። መጥቼ እናትህን አያለሁ። ለመኖር ብዬ አይደለም፤ አሁን 'እኖራለሁ' ብዬ ብምልልህ እዋሽሃለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አላውቅም።»

«አላውቅም ይበቃኛል» አለ። «እስከ ትናንት እሱም አልነበረኝም።»

ከወጥ ቤቱ ድምፅ መጣ። «በእኛ ደንብ ግን ሰው ሽማግሌ ሳይልክ እንዲህ አይንበረከክም! ንገሪው!»

ነገረችው። ዲጋንታ በችኮላ ተነሣ። «አቶ ባሩዋን እልካለሁ።»

«አማርኛ ይችላሉ?» ሲሉ ጠየቁ እናቷ።

«አይችሉም፣ እማዬ።»

ቢላዋው ለአፍታ ቆመ። «እንግዲህ አንቺው ታስተረጉሚላቸዋለሽ። ምን ይደረግ።»

ሁለቱም ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው። ከዚያ ያም ቦታ ጠበበ። ውጭ በረዶው ወደ ዝናብ ተለውጦ ነበር። ዘይት መንጫጫት ጀመረ። ሆሣዕና ራሷ ሲከብዳት ተሰማት፤ ልትነቃ፣ ተነሥታ እናቷን ልታግዝ፣ ሳህን ልታቀርብ አሰበች። የዲጋንታ ትከሻ እዚያው ነበር። እናቷ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ፤ አዩዋቸው፤ የምድጃውን እሳት ቀነስ አደረጉና ተመለሱ።

ነገ ሥራ ነበር። አውሮፕላኑም በቀኑ ይነሣል፤ የሚያለቅስ ይኖራል፤ የአቶ ባሩዋ ሽምግልና የሚያመጣውን ሁሉ ማን እንደሚችለው አይታወቅም። ሆሣዕና ይህን ሁሉ ታውቀዋለች። ሰውነቷ እንደዛለ ነው። ልቧ ግን በዚያ ድካም ውስጥ የለም፤ ቀለል ብሏት፣ ማንንም ሳትፈራ፣ በእናቷ ፊት እንቅልፍ ወሰዳት።